የዘማች ጋሻ፦ የሚወረሰውና የማይወረሰው

የተከበራችሁ አድማጮች፣

በብሪታንያ ሥርዓት የቪክቶሪያ መስቀል የተባለውን የጀግንነት ሜዳሊያ የተሸለመ ወታደር የግል አርማ ሲኖረው፣ ሜዳሊያው ከጋሻው ሥር በሪባን ተንጠልጥሎ ይሣላል እንጂ ጋሻው ውስጥ አይገባም። ለሚያየው ሰው ይህ የሥዕል አቀማመጥ ብቻ ሊመስለው ይችላል። ቦታቸው የተለየው ግን ጋሻው የሚወረስ፣ ሜዳሊያው ደግሞ የማይወረስ በመሆኑ ነው። ወታደሩ ሲያርፍ ልጁ ጋሻውን ይረከባል፤ መስቀሉና ሪባኑ ግን ከልጁ አርማ ላይ ይነሣሉ፤ በጥይት መካከል የሮጠው አባትየው ነውና። የዛሬው ንግግሬ በጋሻውና በሜዳሊያው መካከል ባለችው በዚህች ጠባብ ክፍተት ላይ ያተኩራል። አንድ የቀድሞ የጦር ሠራዊት አባል ለራሱ አርማ ሲያሠራ፣ ከሕይወቱ ውስጥ ያልዘመተ ልጁና ገና ያልተወለደ የልጅ ልጁ ሊሸከሙት የሚችሉት የትኛው ነው? ከእርሱ ጋር ሊያርፍ የሚገባውስ የትኛው ነው? ስለ አርማ ትእምርት የሚጻፈው አብዛኛው ነገር አንበሳ ጀግንነት ነው፣ ወርቅ ልግስና ነው እያለ እንደ መዝገበ ቃላት ይዘረዝራል፤ እኔ ግን ይህን ጥያቄ ሳያነሡ ትርጉም መደርደር ብዙም እንደማይጠቅም አምናለሁ።

አስቀድመን የምንነጋገርበትን ነገር እንለየው። የተሟላ አርማ በመካከሉ ጋሻ፣ ከጋሻው በላይ የራስ ቁር፣ በራስ ቁሩ ጫፍ ላይ የሚቀመጥ ጌጥ፣ ከዚያም መሪ ቃል ይኖረዋል፤ ከፍ ያለ ማዕረግ ላላቸው ሰዎች ደግሞ ጋሻውን ከግራና ከቀኝ የሚይዙ ሁለት ደጋፊዎች ይጨመራሉ። ይህ ሁሉ በቃል ይገለጻል፤ ሕጋዊው አርማም ሥዕሉ ሳይሆን ይህ ብሌዘን የሚባለው የቃል መግለጫ ነው። አንዱ ሠዓሊ አንበሳውን ቀጠን፣ ሌላው ወፈር አድርጎ ቢሥለው አርማው አይለወጥም፤ መግለጫው «በሰማያዊ መደብ ላይ የወርቅ አንበሳ» እስካለ ድረስ አርማው ያው ነው። ቀኝና ግራ የሚባሉትም ከተመልካቹ ሳይሆን ጋሻውን ከያዘው ሰው አንጻር ነው። ተመልካቹ ፊት ለፊት የሚቆም እንግዳ ሲሆን፣ ቋንቋው የተሠራው ከጋሻው ጀርባ ለቆመው ሰው ነው።

ጥበቡ የተወለደው በ12ኛው ክፍለ ዘመን በምዕራብ አውሮፓ፣ በወታደሮች መካከል ነው። ዘመናቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። በ1128 የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ሄንሪ አማቹን የአንጁውን ጆፍሪ ፈረሰኛ አድርጎ ሲሾመው የወርቅ አንበሶች ያሉበት ጋሻ በአንገቱ እንዳጠለቀለት ዜና መዋዕል ጸሐፊው ይተርካል። ከመቃብሩ የተገኘውና በሌ ማን ከተማ የሚገኘው በቀለም የተለበጠ የመዳብ ሰሌዳም ያንኑ ሰማያዊ ጋሻ ከነወርቅ አንበሶቹ ያሳያል። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን ሌላ መቃብር ነው። በ1226 ያረፈው የጆፍሪ የልጅ ልጅ ዊልያም ሎንገስፔ በሳልዝበሪ ካቴድራል ተኝቶ በተቀረጸበት ሐውልት ላይ በክንዱ የያዘው ጋሻ ያንኑ የወርቅ አንበሶች የተሸከመ ነው። አንድ ሰው በጦር ሜዳ እንዲለይበት የተሰጠው ምልክት፣ ሰውየው ካለፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ በልጅ ልጁ ክንድ ላይ ተገኘ ማለት ነው። ምልክቱ ከመለያነት ወደ ውርስ የተሻገረበትን ጊዜ ከእነዚህ ሁለት መቃብሮች በተሻለ የሚያሳየኝ ነገር አላገኘሁም።

ወታደር የሆነ ሁሉ ወዲያው የሚገባው አንድ ሕግ አለ። የአርማ ቀለሞች በሁለት ይከፈላሉ፤ ወርቅና ብር ማዕድናት ይባላሉ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴና ሐምራዊ ደግሞ ቀለሞች ይባላሉ። ማዕድን በማዕድን ላይ፣ ቀለምም በቀለም ላይ አይቀመጥም። ምክንያቱ ውበት ብቻ አይደለም። በአቧራና በጭጋግ መካከል፣ ከሚጋልብ ፈረስ ላይ፣ ቀይ በሰማያዊ ላይ ቢቀመጥ አይለይም፤ ወርቅ በሰማያዊ ላይ ከሆነ ግን ከሩቅ ይታያል። ወገንን ከጠላት መለየት ያልቻለ ሰው ወገኑን ይመታል። ስለዚህ የዛሬ ዘማች የአርማውን ቀለሞች ሲመርጥ፣ ባያውቀውም እንኳ፣ የሚታዘዘው ሕይወትን ለማትረፍ የወጣ ሕግ ነው።

ጓደኛ ወታደሮች ጋሻን እንዴት ያስታውሱት እንደነበር የሚያሳይ አንድ የታወቀ ክርክር አለ። በ1385 የእንግሊዙ ንጉሥ ዳግማዊ ሪቻርድ ወደ ስኮትላንድ ሲዘምት፣ ሪቻርድ ስክሮፕና ሮበርት ግሮስቨኖር የተባሉ ሁለት መኳንንት አንድ ዓይነት አርማ ይዘው ተገኙ፤ በሰማያዊ መደብ ላይ ከላይ ከቀኝ ወደ ታች ወደ ግራ የሚወርድ የወርቅ ሰቅ። ጉዳዩ ለዓመታት በችሎት ሲታይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ምስክሮች ቀረቡ። ከእነርሱ አንዱ ገጣሚው ጄፍሪ ቾሰር ነበር፤ በችሎቱ ፊት የቆመው ግን በገጣሚነቱ ሳይሆን በዘማችነቱ ነው። በወጣትነቱ በፈረንሳይ ሲዘምት፣ እርሱ ራሱ ከመማረኩ በፊት፣ ስክሮፖች ያንን ጋሻ ይዘው እንዳያቸው መሰከረ። የምስክሮቹ ቃል በአብዛኛው እንዲህ ነው፤ በዚህ ዘመቻ፣ በዚህ ቦታ፣ ይህን ጋሻ አይቻለሁ የሚል። የባለቤትነት ማስረጃው አብሮ የዘመተ ሰው ትዝታ ነበር። በመጨረሻም ስክሮፕ ረታ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ፤ ሁለት ቤተሰቦችን ጎን ለጎን እናቁም።

በ1513 በፍሎደን ጦርነት የእንግሊዝን ጦር የመራው የሰሪ ግዛት መኰንን ቶማስ ሃዋርድ፣ የስኮትላንዱ ንጉሥ ራብዓዊ ጄምስ የወደቀበትን ድል ተቀዳጀ። ለዚህም የኖርፎክ መስፍን ተባለ፤ በጋሻው ላይም አንድ ነገር ተጨመረለት፤ የስኮትላንድ ንጉሣዊ አንበሳ፣ ግን ከወገቡ በላይ ብቻ፣ አፉም በቀስት የተወጋ። ጋሻው የተገደለውን ንጉሥ አርማ ቆርጦና ወግቶ በራሱ ላይ ተሸከመው። ለአሸናፊው ይህ ታላቅ ክብር እንደነበር አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ በ1603 የስኮትላንድ ንጉሥ የእንግሊዝን ዘውድ ወረሰ፤ በ1707 ሁለቱ መንግሥታት አንድ ሆኑ፤ የተወጋው አንበሳ ግን ከሃዋርዶች ጋሻ አልወረደም፤ ዛሬም እዚያው አለ። የኖርፎክ መስፍን ደግሞ በውርስ የእንግሊዝን የአርማ ጽሕፈት ቤት በበላይነት የሚመራ ባለሥልጣን ነው። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የተወለደ ሰው ምንም ያልተጣላውን ጎረቤት በቀስት የወጋ ጋሻ ተሸክሞ ይኖራል።

ሌላው ቤተሰብ ስኮትላንዳዊ ነው። ንጉሥ ሮበርት ብሩስ በ1329 ሊያርፍ ሲል፣ ልቡ ከሬሳው ወጥታ ከእግዚአብሔር ጠላቶች ጋር በሚደረግ ዘመቻ ላይ እንድትወሰድ ተናዘዘ፤ አደራውን የተቀበለው ለዓመታት አብሮት የተዋጋው ጄምስ ዳግላስ ነው። ዳግላስ ልቧን በብር ዕቃ ውስጥ አድርጎ፣ በአንገቱ አንጠልጥሎ ሄደ፤ በ1330 በስፔን ምድር ቴባ በተባለ ቦታ ተዋግቶ ወደቀ። ልቧ ወደ ስኮትላንድ ተመልሳ በሜልሮዝ ገዳም ተቀበረች፤ በዳግላሶች ጋሻ ላይም በነጭ መደብ መካከል ቀይ ልብ ሆና ገባች፤ ዘውድ የተደፋላት ከጊዜ በኋላ ነው። ይህን ጋሻ ልብ ብላችሁ እዩት። ጠላት የለበትም፤ ድልም የለበትም፤ እንዲያውም የተመሠረተው ሰውየው በሞተበትና አደራውን ሳይፈጽም በቀረበት ውጊያ ላይ ነው። ያለበት የታመነ ሰው የተሸከመው ዕቃ ነው። አደራን ልጅ ሊረከበው ይችላል፤ ያልዘመተ የልጅ ልጅም ቢሆን ቀይ ልብ ባለበት ጋሻ ሥር ሲቆም የሌላ ሰው ጀብዱ የለበሰ አይመስልም።

ስለ እንግሊዛዊው የባሕር ኃይል አዛዥ ስለ ኔልሰን ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ከዘማቾች አርማ ሁሉ እንደ እርሱ የተጨናነቀ ጥቂት ነው። ሆራሺዮ ኔልሰን በ1797 በኬፕ ሴንት ቪንሰንት ከስፔን መርከቦች ሳን ሆሴን ሲማርክ፣ የመርከቧ የኋላ ክፍል የአርማው ጌጥ ሆኖ ከራስ ቁሩ በላይ ተቀመጠ። በ1798 በአባይ አፍ ፊት የፈረንሳይን መርከቦች ከደመሰሰ በኋላ ደግሞ የጋሻው የላይኛው ክፍል በሙሉ ሥዕል ሆነ፤ የባሕር ሞገድ፣ ከሞገዱ ላይ የበቀለ ዘንባባ፣ በአንድ ወገን የተሰባበረች መርከብ፣ በሌላው ወገን የፈረሰ የመድፍ ምሽግ። የኦቶማኑ ሱልጣን ሣልሳዊ ሰሊም የሸለመው ቸሌንክ የተባለ የአልማዝ ጌጥም ሁለተኛ የራስ ቁር ጌጥ ሆኖ ተጨመረ። ከደጋፊዎቹ አንዱ መርከበኛ፣ ሌላው የስፔንን ባንዲራ የሚቀድድ አንበሳ ነው።

ኋላ የመጡ የአርማ ባለሙያዎች ይህን ጋሻ ጥበቡ የወደቀበት ዘመን ምሳሌ አድርገው ሲነቅፉት ኖረዋል፤ እኔም በዚህ ፍርዳቸው እስማማለሁ። ጋሻ ከሩቅ የሚነበብ ምልክት መሆኑ ቀርቶ ቀርበው፣ አንገት አስግገው የሚመለከቱት የግድግዳ ሥዕል ሆኗል። የተሰባበረችውን መርከብ በቃል ለመግለጽ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጠይቃል፤ ሠዓሊውም ሲደግማት ምን ያህል ምሰሶ እንደ ቀራት ሊያስብ ይገደዳል። እንዲህም ሆኖ ኔልሰንን ራሱን አልወቅሰውም። ክንዱንና የአንድ ዓይኑን ብርሃን ለከፈለ ሰው፣ አገሩ ያደረገውን ሁሉ በጋሻው ላይ ልትዘረዝርለት መፈለጓ ይገባኛል። ችግሩ የመጣው እርሱ ከሄደ በኋላ ነው። በ1805 በትራፋልጋር የባሕር ውጊያ ሲወድቅ ማዕረጉን የሚወርስ ሕጋዊ ልጅ አልነበረውም፤ የወረሰው ወንድሙ ዊልያም ነው፤ ዊልያም ደግሞ ካህን ነበር። በጋሻውም ላይ «ትራፋልጋር» የሚል ቃል የተጻፈበት ሞገደኛ ሰቅ ተጨመረ። አንድም ጊዜ በመድፍ ጭስ ውስጥ ያልቆመ ቄስ የተሰባበረች መርከብን፣ የፈረሰ ምሽግንና የጦርነት ስምን ተሸክሞ ቆመ። ከኔልሰን አርማ ውስጥ ወንድሙ በእውነት ሊወርሰው ይችል የነበረው መሪ ቃሉ ነው ብዬ አስባለሁ፤ በላቲን የተጻፈ ነው፤ «ዘንባባውን የተገባው ይያዘው» ይላል።

በተቃራኒው የዌሊንግተኑን መስፍን ብንወስድ፣ ናፖሊዮንን ላሸነፈ ሰው በጋሻው የተጨመረለት የሦስቱ መስቀሎች ኅብረት፣ ማለት የብሪታንያ ባንዲራ ምልክት፣ ብቻ ነው። ፈረንሳይ የለችበትም፤ ድል ያደረገበት ዋተርሉም የለበትም።

ከሁሉ የማደንቀው ግን የድዋይት አይዘንሃወርን ነው። አሜሪካውያን የግል አርማ የሚሰጥ መንግሥታዊ አካል የላቸውም፤ የጦር ሠራዊታቸው የአርማ ተቋም የሚያዘጋጀው የክፍለ ጦሮችንና የመሥሪያ ቤቶችን ምልክት ነው። ሆኖም በ1945 ዴንማርክ ለጄኔራሉ የዝሆን ኒሻን ስትሸልመው፣ የኒሻኑ ባለቤቶች ሁሉ አርማቸው በሰሌዳ ተሥሎ በፍሬደሪክስቦርግ ቤተ መንግሥት ጸሎት ቤት ስለሚሰቀል አርማ ያስፈልገው ነበር። ኖርማንዲን የወረረ ጦር ያዘዘ ሰው ምን መረጠ? በወርቅ መደብ ላይ አንድ ሰማያዊ የአንጥረኛ መስፍ። የቤተሰቡ ስም በጀርመንኛ ብረት ቀጥቃጭ ከሚል ሐረግ የመጣ ነው። መሪ ቃሉም «ሰላም በመግባባት» ነው። በጋሻው ላይ ጦርነት አልገባም፤ የገባው ከእርሱ በፊት የነበሩት አባቶቹ ይጠሩበት የነበረው፣ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ የሚጠሩበት ስም ነው። መስፍ ደግሞ ሰይፍም ማረሻም የሚወጣበት ዕቃ ነው።

ሌላው አሜሪካዊ ጄኔራል ኮሊን ፓወል መካከለኛውን መንገድ ይዟል። ወላጆቹ ከጃማይካ የመጡ ሲሆን፣ በ2004 ከስኮትላንዱ የአርማ ሹም ከሎርድ ላየን አርማ ተሰጠው። በሰማያዊ መደብ ላይ ጫፋቸው ወደ ታች የተመለሰ ሁለት የተጠላለፉ የብር ሰይፎች፣ በዙሪያቸው አራት የብር ኮከቦች፣ በላይኛው የብር ክፍል ደግሞ ቀይ አንበሳ አለ፤ ጌጡ የንስር ራስ ነው። አራቱ ኮከቦች የደረሰበትን የጄኔራልነት ማዕረግ ይቆጥራሉ። ንስሩ የአሜሪካ ወፍ ነው፤ ያገለገለበት የ101ኛው የአየር ወለድ ክፍለ ጦር ምልክትም የንስር ራስ ነው። እኔ ዓይኔን የምጥለው ግን በሰይፎቹ ጫፍ ላይ ነው። ወደ ላይ የተመዘዘ ሰይፍ ውጊያ ላይ ነው፤ ጫፉ ወደ መሬት የተመለሰ ሰይፍ ግን ሥራውን የጨረሰ ሰው የያዘው ይመስላል። መሪ ቃሉም «ለሕዝብ አገልግሎት የተሰጠ» የሚል ነው።

ከአሜሪካ ሳልወጣ አንድ ነገር ልጨምር። ሜዳሊያ ከጋሻ ሥር እንደሚንጠለጠል ተናግሬአለሁ፤ በዚያች አገር ግን በተቃራኒው ጋሻ በሜዳሊያ ላይ ወጥቷል። በውጊያ ለቆሰሉ ወታደሮች የሚሰጠው ፐርፕል ኸርት በ1932 ሲቋቋም፣ በልቡ አናት ላይ ትንሽ ጋሻ ተቀመጠችበት፤ በነጭ መደብ ላይ ሁለት አግድም ቀይ ሰቆችና ከላያቸው ሦስት ቀይ ኮከቦች። ይህ የጆርጅ ዋሽንግተን የቤተሰብ አርማ ነው። አንድ አሮጌ ጄኔራል ከእንግሊዛውያን አያቶቹ የወረሰው፣ አንድም ውጊያ ያልተሣለበት ጋሻ፣ ዝምድና የሌላቸው ቁስለኞች ደረት ላይ ይገኛል። ጋሻው የፍሎደንን ዓይነት ሥዕል ቢሸከም ኖሮ ይህ የሚቻል አይመስለኝም።

ዘማቾች ዘወትር የሚጠይቁባቸው ጥቂት ምልክቶች አሉ፤ በአጭሩ ልለፍባቸው። የግንብ ቅርጽ ያለው ዘውድ የምድር ጦር ሰው ነው፤ መነሻው የጠላትን ቅጥር ቀድሞ ለወጣ ሮማዊ ይሰጥ የነበረው የወርቅ አክሊል ነው። ከመርከብ ኋላና ከሸራ የተሠራው የባሕር ኃይል፣ ክንፍና ኮከብ ያለው ደግሞ የአየር ኃይል ነው። ሮማውያን የዜጋን ሕይወት ላዳነ ሰው ይሰጡት የነበረው አክሊል ከወርቅ ሳይሆን ከዋርካ መሰል የኦክ ዛፍ ቅጠል የተጎነጎነ ነበር፤ እነርሱ ራሳቸው ከወርቁ አስበልጠው ያዩት ነበር፤ የሕክምና ሠራዊት አባላት የኦክ ቅጠል ሲመርጡ ደስ የሚለኝም ለዚህ ነው። አርማውን የሚሰጠው እንደየአገሩ ይለያያል። በእንግሊዝ በ1484 የተቋቋመው የአርማ ኮሌጅ፣ በስኮትላንድ የሎርድ ላየን ችሎት፣ በካናዳ ደግሞ በ1988 የተመሠረተው የካናዳ የአርማ ባለሥልጣን ነው፤ ከዚያ በፊት ካናዳውያን ወደ ለንደን ወይም ወደ ኤድንብራ ማመልከት ነበረባቸው።

አሁን አንድ ሰው በዓይነ ሕሊናችን እናስቀምጥና አብረን ጋሻ እንሥራለት። ፈንጂ አምካኝ መሐንዲስ ወታደር ነበር፤ ለዓመታት በሆዱ ተኝቶ፣ የመፈተሻ ዘንጉን በዝቅተኛ ማዕዘን ወደ አፈሩ እያስገባ፣ ጣት በማይሞላ ርቀት እየደጋገመ፣ ሌሎች የሚያልፉበትን መንገድ ሲከፍት ኖሯል። ወደ አርማ ሠሪው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው የሚፈነዳ ፈንጂ፣ የክፍለ ጦሩን ምልክትና የዘመተባቸውን ዓመታት ነው። የክፍለ ጦሩ ምልክት የክፍለ ጦሩ ነው፤ ዓመት ቁጥርም ከሩቅ አይነበብም። የሚፈነዳ ፈንጂ ደግሞ የእርሱን ሥራ አያሳይም፤ እንዲያውም እርሱ ያልተሳካለትን ቀን ያሳያል። እንግዲህ ሥራው ምን ነበር? ሊታይ በማይችል አፈር ውስጥ መንገድ መክፈት።

ስለዚህ መደቡን ጥቁር እናደርገዋለን፤ በመካከሉ ከላይ እስከ ታች የሚደርስ የብር ሰቅ እናቆማለን። ማዕድን በቀለም ላይ ነውና ሕጉ ተጠብቋል። ሆኖም ቀጥ ያለ የብር ሰቅ በጥቁር ላይ በጣም ቀላል ስለሆነ ሌላ ቤተሰብ ሳይዘው አይቀርም፤ ጠርዙን መለወጥ አለብን። ሞገደኛ ብናደርገው የአርማ ቋንቋ የሚያውቅ ሁሉ ወንዝ ብሎ ያነበዋል። እንደ ግንብ ጥርስ ብናደርገው ምሽግ ይሆናል። እንደ መብረቅ እየተሰበረ የሚወርደው ጠርዝ ግን ይስማማናል፤ አምካኙ የሚከፍተው መንገድ እንቅፋት ባገኘ ቁጥር ይታጠፋልና። ከሰቁ ግራና ቀኝ ሁለት የወርቅ የመፈተሻ ዘንጎች፣ ጫፋቸው ወደ ታች። ከራስ ቁሩ በላይ የወርቅ የስንዴ ነዶ እናስቀምጣለን፤ በአርማ ጥበብ የቆየ ምልክት ነው፤ የጸዳ መሬትም ይታረሳል። መግለጫው ሲነበብ አጭር ነው፤ «በጥቁር መደብ፣ በሁለት ወደ ታች በቀኑ የወርቅ ዘንጎች መካከል፣ ጠርዙ ተሰባብሮ የሚወርድ የብር ሰቅ»።

ለጀግንነቱ የተሸለመው ሜዳሊያ ከጋሻው ሥር በሪባኑ ይንጠለጠላል፤ እርሱ በሕይወት እስካለ ድረስ ማንም አያነሣውም። ከዓመታት በኋላ አስተማሪ የሆነች ወይም ሐኪም የሆነች ልጁ አርማውን ስትረከብ፣ ሠዓሊው ከአባቷ ቅጂ ላይ ጥቁሩን መደብ፣ የተሰባበረውን መንገድ፣ ሁለቱን ዘንጎችና ነዶውን አንድ በአንድ ይገለብጣል፤ ከጋሻው በታች፣ ሪባኑ በነበረበት ቦታ ላይ ግን ወረቀቱን ነጭ እንደሆነ ይተወዋል።